የሰፈር መንገድን ለሰው ማመቻቸት፦ መጀመሪያ በኖራ፣ ከዚያ በድንጋይ

ድሬዳዋ ላይ መንገድ እንደ ሰዓቱ ነው። ጠዋት ባጃጅ፣ ጋሪና ተማሪ ይሻሙበታል። ሰባት ሰዓት ላይ ፀሐዩ ይከርና ሰፈሩ ጭር ይላል። ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ጎረቤቴ ደጇ ላይ ውሃ ረጭታ አቧራውን ታበርድና ወንበር ታወጣለች። ልጆች በሁለት ድንጋይ ጎል ይሠራሉ። ባጃጅ ሲመጣ ድንጋዩን ያነሳሉ፣ ሲያልፍ ይመልሱታል። የጋራ መንገድ ማለት ይኸው ነው። የቀረው ልጆቹ ሳይሰጉ እንዲጫወቱ ማመቻቸት ነው።

መጀመሪያ ቁጠሩ። ጠዋት፣ ቀትር ላይና ማታ ደብተር ይዛችሁ አንድ አንድ ሰዓት ተቀመጡ። ስንት እግረኛ፣ ስንት ባጃጅ አለፈ? ማን የት ቆሞ አወራ? የቆመውን ሰው እንዳትዘሉት፤ መንገዱ የሱም ነው።

ከዚያ ሰው አነጋግሩ። ባለሱቁን፣ ጉሊት የሚቸረችሩትን እናቶች፣ በተለይ የባጃጅ ሹፌሮችን። እነሱ ካልተስማሙ ሥራው አይዘልቅም። ቀበሌውም ትራፊክ ፖሊሱም ይወቁት። ያለ ፈቃድ መንገድ ላይ ምንም አታስቀምጡ።

አሁን በኖራ ሞክሩ። ለመቀመጫ፣ ለመጫወቻና ለመኪና የሚሆነውን መሬት ላይ አስምሩ። አሮጌ ጎማ ቀለም ቀብታችሁ አንዱን በቀኝ፣ አንዱን ራቅ አድርጋችሁ በግራ አኑሩ፤ መንገዱ ሲጠማዘዝ ሹፌር ቀዝቀዝ ይላል። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 8 ሜትር ይጓዛል፤ በ50 ከሆነ 14 ሜትር ነው። ሹፌሩ ልጅ አይቶ ፍሬን እስኪይዝ ያቺ ሰከንድ ታልፋለች። ሆላንዶች እ.ኤ.አ. በ1976 እንዲህ ላሉ የሰፈር መንገዶች ሕግ ሲያወጡ መኪናው በእግረኛ ፍጥነት እንዲሄድ ያደረጉት ለዚህ ነው።

ለአምቡላንስና ለእሳት አደጋ መኪና ሦስት ሜትር ተኩል ያህል ክፍት ይሁን። ለዓይነ ስውራንና በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄዱም ወንበርና ዕቃ የማይቀመጥበት ቀጥ ያለ መተላለፊያ ተዉ። ሁለት ሳምንት እዩት። ጎማው ተገፍቶ ያገኛችሁበት ቦታ መስመሩ የተሳሳተበት ነው። ጎማ ማዛወር የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው፣ ኮንክሪት ማፍረስ ግን ስንት ጣጣ አለው!

ድንጋይ ከመነጠፉ በፊት ስለ ውሃው አስቡ። ድሬዳዋ ላይ የ1998ቱን የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ያየ ይህን አይረሳም። የመኪናውና የእግረኛው ቦታ ከፍታው እኩል ከሆነ ዝናቡ መውረጃ ይፈልጋል፤ መሃል ላይ ጎድጎድ ያለ ቦይ ይሠራለት። አንድ ጀሪካን ውሃ አፍስሱና ተከተሉት። ወደ ሰው በር ከዞረ ተዳፋቱ ይስተካከል።

ጥላውስ? የድሬዳዋው ከዚራ ሰፈር ውስጥ ዛፎቹ ሥር በቀትር መሄድ ይቻላል። ሌላው ሰፈር ግን አናት ይበሳል። የኒም ዛፍ ሙቀቱን ይችላል። መንገዱ ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚሄድ ከሆነ የከሰዓቱን ፀሐይ እንዲከልል በምዕራብ በኩል ትከሉት፣ ፍየል እንዳይበላውም እጠሩት።

በመጨረሻ ሰዓቱን ተስማሙበት። ለምሳሌ ዕቃ ጫኝ እስከ ጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ ከአሥራ አንድ እስከ ምሽቱ ሁለት ደግሞ መንገዱ ለሰው ብቻ። ጫፍና ጫፉ ላይ የሚንከባለል በርሜል ይበቃል። ማታ ማታ በርሜሉን ማን እንደሚያወጣና ማን እንደሚመልስ ግን ስሙ በወረቀት ተጽፎ ሱቁ በር ላይ ይለጠፍ።