«አሪፍ ነው» ሲሏችሁ፦ ነጻ ጌም ስንሠራ የምንሳሳታቸው ነገሮች

በብራውዘር የሚከፈት ገበጣ ሠርቻለሁ። ነጻ ነው። ማውረድ የለም፤ ሊንኩን ነክቶ መጫወት ነው። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በሚወስደው መንገድ ዳር ቁጭ እያልኩ ስልኬን ለሰው ሳቀብል ነው ያሳለፍኩት። ጌም የምትሠሩ ካላችሁ ብዙ ጊዜዬን የበሉብኝን ስህተቶች ልንገራችሁ።

«እንዴት ነው?» ብሎ መጠየቅ

እኛ ጋ ይሉኝታ አለ። ፊት ለፊት «ጌምህ አይረባም» የሚል ሰው አታገኙም። አንድ ወጣት ሦስት ዙር ተጫወተና «አሪፍ ነው ወንድሜ፣ በርታ» ብሎ ስልኬን መለሰልኝ። እጁን ግን እያየሁ ነበር። ጉድጓዱን ሲነካ አውራ ጣቱ ጠጠሮቹን ይሸፍናቸዋል። ጣቱን ያነሳል፣ ይቆጥራል፣ እንደገና ይነካል። ሁለቴ ተሳስቶ የጎኑን ጉድጓድ ነካ። ልጅ ሆነን ኢንተርኔት ካፌ የተጫወትናቸው የፍላሽ ጌሞች በማውስ ነበሩ። ፍላሽ፣ ማለትም እነዚያን ጌሞች ብራውዘር ላይ ያስኬድ የነበረው ፕሮግራም፣ እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ቆሟል፤ እኔ ግን ሳላስበው አሁንም ለማውስ ነበር የሠራሁት። የጠጠሩን ቁጥር ከጉድጓዱ በላይ አወጣሁት፤ ጉድጓዶቹንም አራራቅኳቸው። «እንዴት ነው?» ከምትሉ «የቱ ጋ ግራ ገባህ?» በሉ። ከሁሉ በላይ ዝም ብላችሁ እጅ እዩ።

ሰው ሲጫወት አጠገቡ ሆኖ ማስረዳት

«እዚህ ጋ ንካ፣ እሱን ተወው» ካላችሁ ያ ሙከራ ዋጋ የለውም። ቤቱ ተኝቶ ሊንኩን የሚከፍት ሰው አጠገብ እናንተ የላችሁም።

የተነገራችሁን መፍትሔ እንዳለ መቀበል

ይሄኛው ከሁሉም ይከብዳል። ተጫዋች ያመመውን ያውቃል፤ መድኃኒቱን መፈለግ የእናንተ ሥራ ነው። ከገበጣው በፊት ከላይ የሚወርዱ ፊደሎችን የመልቀም ጌም ነበረኝ። አንዷ «በጣም ይፈጥናል፣ ቀንሰው» አለችኝ። በዚያው ቀን ሌላው «ቀርፋፋ ነው፣ እንቅልፍ ያመጣል» አለ። እሷን ሰምቼ ፍጥነቱን ቀነስኩት። ሌሎቹ ሁሉ ሰለቹ። ስልኮቻቸውን ሳይ ነው የገባኝ። የእሱ ስክሪን ምስሉን በሰከንድ 60 ጊዜ ያድሳል፤ የእሷ 120 ጊዜ። ብራውዘሩ ደግሞ ጌሙን በስክሪኑ ልክ ነበር የሚያስኬደው። ፊደሉን በየፍሬሙ፣ ማለትም ምስሉ በታደሰ ቁጥር፣ እኩል እርምጃ ስለማወርደው እሷ ጋ በእጥፍ ይፈጥናል። እርምጃውን በሁለት ፍሬሞች መካከል ባለው ጊዜ ልክ ሳሰላው ሁለቱም ጋ እኩል ሆነ። ሁለቱም እውነታቸውን ነበር። ቅሬታ ሲመጣ መጀመሪያ ስልኩን፣ ብራውዘሩንና ሊንኩ ከየት እንደተከፈተ ጠይቁ።

«ነጥቤ ጠፋ» የሚለውም እንዲሁ ነው። ነጥቡ የሚቀመጠው ብራውዘሩ ውስጥ ከሆነ፣ ቴሌግራም ውስጥ ከፍቶ የተጫወተ ሰው በክሮም ሲመጣ ላያገኘው ይችላል። ይሄን ጌሙ ራሱ ቀድሞ ይንገረው።

የአንድን ሰው ቃል እንደ ሁሉም ቃል መውሰድ

የገበጣ ሕግ እንደየአካባቢው ይለያያል። አንድ አባት ትንሽ ተጫውተው «ልጄ፣ ይሄ ገበጣ አይደለም» አሉኝ። ያደጉበትን ሕግ አስረዱኝ። ያን ማታ ኮዱን ልቀይር ተነስቼ ነበር። ደግነቱ ሌሎች ሦስት ሰዎች ጠየቅሁ፤ ሦስቱም የተለያየ ነገሩኝ። አሁን መጀመሪያ ላይ ሕግ መምረጫ አለው። እኚያ አባት ሲመጡ የእሳቸውን ያገኙታል።

«ነጻ ነው እኮ» ብሎ መመለስ

ይሄን መልስ እባካችሁ ተዉት። ጌማችሁ 30 ሜጋባይት ሙዚቃ ይዞ ከተከፈተ የሚቆረጠው ከሰውየው ፓኬጅ ላይ ነው። በዚያ ላይ ጊዜውን ሰጥቶ ስህተታችሁን ጽፎላችኋል። ያ ትልቅ ውለታ ነው።

አንዲት ልጅ ሜኑው ላይ «ጨዋታ ጀምር» የሚለው ጽሑፍ መጨረሻው ተቆርጦ እንደሚታያት ስክሪንሾት ላከችልኝ። የሚነካውን በተን (ቁልፍ) ስፋት የለካሁት «ፕሌይ» በሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ልክ ነበር። አሰፋሁትና «አሁን እዪው፣ አመሰግናለሁ» ብዬ ጻፍኩላት። በማግስቱ ሌላ ሦስት ስህተት ላከችልኝ።