ያበራ ሁሉ ካስፔዝ አይደለም

ካስፔዝ-3 ሴል ራሱን ሲያጠፋ ሥራውን ከሚሠሩት ኢንዛይሞች ዋነኛው ነው። አረንጓዴ የሚያበራ ቀለም ባለው አንቲቦዲ፣ ማለትም ዒላማውን ለይቶ በሚይዝ ፕሮቲን፣ ስንፈልገው ግን ብዙ ጊዜ የምንሳሳተው ማይክሮስኮፑ ጋ ሳንደርስ፣ ገና ብልቃጡን ስናዝ ነው።

ስም አይቶ መግዛት። ኢንዛይሙ በጤነኛ ሴልም አለ፤ 32 ኪሎዳልተን ገደማ የሚመዝን፣ ያልተቆረጠና የተኛ ፕሮቲን ሆኖ። የሚነቃው ሌሎች ካስፔዞች ሲቆርጡት ነው። አንዳንዱ አንቲቦዲ የተኛውንም የነቃውንም ይይዛል፣ አንዳንዱ የተቆረጠውን ብቻ። የመረጃ ወረቀቱን ሳያነብ ያዘዘ ሰው ጤነኛ ሴሎቹ ሁሉ ሲያበሩ አይቶ "አለቁ!" ብሎ ይደነግጣል።

ያለ ሐቀኛ ኮንትሮል መሥራት። ለእኔ ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። "አይሶታይፕ ኮንትሮል (ዓይነቱ አንድ ሆኖ ዒላማ የሌለው አንቲቦዲ) አለኝ" ማለት አይበቃም፤ እሱ ዋናው አንቲቦዲ ትክክለኛውን ፕሮቲን መያዙን አይነግርም። ደግነቱ ኤምሲኤፍ-7 የተባሉት የሰው የጡት ካንሰር ሴሎች አሉ፤ የካስፔዝ-3 ጂናቸው ከፊሉ ስለጠፋ ኢንዛይሙን አይሠሩም። እነሱንና ኢንዛይሙ ያላቸውን የጁርካት ሴሎች (የሰው የደም ካንሰር ሴሎች ናቸው) ጎን ለጎን፣ ሴል ራሱን እንዲያጠፋ በሚገፋው ስታውሮስፖሪን ማከም ነው። ጁርካት ማብራት አለበት። ኤምሲኤፍ-7ም አብሮ ካበራ አንቲቦዲው ሌላ ነገር፣ ምናልባትም የቅርብ ዘመዱን ካስፔዝ-7ን፣ ይዟል ማለት ነው። ይህን ሳያዩ ውጤት ማቅረብ ድፍረት ነው።

በሩን ሳይከፍቱ እንግዳ መላክ። ኢንዛይሙ ያለው ሴሉ ውስጥ ነው፤ አንቲቦዲ ደግሞ ትልቅ ስለሆነ በጤነኛ ሽፋን አያልፍም። ሴሎቹን በ4% ፓራፎርማልዴሃይድ ፊክስ አድርጎ (ባሉበት አጽንቶ) ሽፋኑን ትራይተን ወይም ሳፖኒን በተባለ ሳሙና መሰል ነገር መክፈት ያስፈልጋል። ሳፖኒን የከፈተው ቀዳዳ ሳፖኒኑ ታጥቦ ሲወጣ መልሶ ይዘጋል። ስለዚህ ሳፖኒኑ በአንቲቦዲው ድብልቅም በማጠቢያውም ውስጥ መኖር አለበት። ጀማሪዎች በብዛት የሚዘነጉት ይህንን ነው።

"ብርሃኑ ደከመ፣ ልጨምር" ማለት። ማርም ሲበዛ ይመራል፤ ትርፉ አንቲቦዲ ያለቦታው እየተጣበቀ ጀርባውን፣ ማለትም ዒላማው የሌለበትን ቦታ፣ ያደምቀዋል። አንዴ ቁጭ ብሎ ከብዙ እስከ ጥቂት መጠኑን እየቀነሱ መሞከርና ልዩነቱ ጎልቶ የሚታይበትን መምረጥ ይሻላል።

ብልቃጡን ፍሪዘር ውስጥ መክተት ወይም ብርሃን ላይ መተው። ቦታው ፍሪጅ ነው፣ በጨለማ።

አንቲቦዲ ያልነካውን ቱቦ መዝለል። ሴል በራሱም ትንሽ አረንጓዴ ያበራል፤ ፓራፎርማልዴሃይድ ሲጨመርበት ደግሞ ይብስበታል። ከሌሎቹ ቱቦዎች በፊት መለካት ያለበት ይኸው ባዶው ነው።