ጥቁር ቸኮሌትን ለጤና ብለው ሲመገቡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከባሕር ማዶ የመጣ ዘመድ ሻንጣውን ሲከፍት ወተት ያለውን ቸኮሌት ለልጆች፣ ጥቁሩን ደግሞ «ይሄኛው እንኳ ለግፊት ጥሩ ነው» እያለ ለትልልቆቹ ማደል የተለመደ ሆኗል። አባባሉ ከባዶ ሜዳ የተነሣ አይደለም። የካካዎ ፍሬ ፍላቫኖል የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉት፤ እነዚህም የደም ሥር ውስጠኛ ሽፋን ናይትሪክ ኦክሳይድ የተባለውን ጋዝ በበቂ እንዲያመነጭ ያግዛሉ፤ ጋዙም የደም ሥሩን ጡንቻ ስለሚያላላው ደም በቀላሉ ያልፋል። ካካዎ ሆድ ከመሙላት ባለፈ ለጤና የተለየ ጥቅም ይሰጣሉ ከሚባሉት ምግቦች ተርታ የገባው በዋናነት በዚህ ምክንያት ነው። ችግሩ የሚጀምረው ስለ ፍላቫኖል የተነገረው ሁሉ ስለ ቸኮሌት እንደተነገረ ሲወሰድ ነው።

የጥናቱን እንክብልና የሱቁን ቸኮሌት አንድ አድርጎ ማየት

በዚህ ጉዳይ ላይ ከተካሄዱት ጥናቶች በስፋቱ የሚጠቀሰው ኮስሞስ የተባለው የአሜሪካ ጥናት ነው፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2022 ታትሟል። ዕድሜያቸው 60 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ወንዶችና 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ሴቶች፣ በድምሩ 21,442 ሰዎች የተሳተፉበት ሲሆን፣ ገሚሶቹ በየቀኑ ከካካዎ የተነጠረ 500 ሚሊ ግራም ፍላቫኖል በእንክብል ሲወስዱ፣ የቀሩት መልኩ ተመሳሳይ የሆነ ማስመሰያ ይወስዱ ነበር። ከሦስት ዓመት ተኩል በላይ ክትትል ከተደረገ በኋላ፣ የልብና የደም ሥር ሕመሞች በጠቅላላው በ10 በመቶ ቀንሰው ቢገኙም ልዩነቱ በአጋጣሚም ሊፈጠር የሚችል ነበር፤ በእነዚሁ ሕመሞች የሞቱት ግን በ27 በመቶ ያነሱ ነበሩ። ሁለተኛው አኃዝ ተስፋ ሰጪ ነው፤ ይሁን እንጂ የጥናቱ ዋና መለኪያ ስላልነበረ ብቻውን እንደ መደምደሚያ አይወሰድም። እንክብሉን በነፃ ያቀረበው ደግሞ የታዋቂው ቸኮሌት አምራች የማርስ ኩባንያ ክፍል መሆኑን ማወቅ አይከፋም። ለእኛ ዋናው ነጥብ ግን እንክብሉ ውስጥ ስኳርም የካካዎ ቅቤም አለመኖሩ ነው። ተሳታፊዎቹ ቸኮሌት እንዲበሉ አልተደረገም።

«70 በመቶ» የሚለውን ጽሑፍ የጥቅሙ መለኪያ ማድረግ

በብዛት የሚሠራው ስህተት ይህ ይመስለኛል፤ አስተዋይ የሚባሉ ሸማቾች ሳይቀሩ ይሳሳቱበታል። በማሸጊያው ላይ የሚጻፈው በመቶኛ ከካካዎ ፍሬ የመጣውን ሁሉ በአንድነት የሚቆጥር ነው፤ ይህም ፍላቫኖል የሚገኝበትን ደረቁን የካካዎ ክፍልና ፍላቫኖል የሌለበትን የካካዎ ቅቤ አንድ ላይ ይይዛል። ስለዚህ ሁለት «70 በመቶ» ቸኮሌቶች የፍላቫኖል መጠናቸው በእጅጉ ሊለያይ ይችላል። ነጭ ቸኮሌት ከካካዎ ያለው ቅቤው ብቻ በመሆኑ በዚህ ረገድ የሚነሣ ነገር የለውም።

ከመቶኛው ይልቅ ወሳኙ ፍሬው ያለፈበት አሠራር ነው። ካካዎ ከተለቀመ በኋላ እንዲብላላ ይደረጋል፣ ይደርቃል፣ ይቆላል፤ በእያንዳንዱ ደረጃ ከፍላቫኖሉ የተወሰነው ይጠፋል። ከሁሉ የሚብሰው ግን በ19ኛው ክፍለ ዘመን በኔዘርላንድ የተጀመረው፣ ካካዎውን እንደ ፖታሽየም ካርቦኔት ባለ አልካላይ (አሲድን በሚያመክን ንጥረ ነገር) ማከም ነው። ይህ አሠራር ምሬቱንና ኮምጣጣነቱን ያስወግዳል፣ ቀለሙንም ያጠቁረዋል። በአንድ የታወቀ ልኬት፣ አልካላይ ያልነካው የካካዎ ዱቄት በአንድ ግራም በአማካይ 34.6 ሚሊ ግራም ፍላቫኖል ሲገኝበት፣ በጥቂቱ የታከመው 13.8፣ በብዛት የታከመው ደግሞ 3.9 ሚሊ ግራም ብቻ ተገኝቶበታል። እንግዲህ «የጠቆረው ይበልጥ ይጠቅማል» ብሎ በቀለም መምረጥ ፍላቫኖሉ የተሟጠጠበትን ወደ መምረጥ ሊያመራ ይችላል።

ይህን ስጽፍ ጠረጴዛዬ ላይ ሁለት ቸኮሌቶች ነበሩ። አንደኛው ፊቱ ላይ በወርቃማ ጽሑፍ «ጥቁር» ይላል፤ ገልብጬ በደቃቁ የተጻፈውን ሳነብ ግን መጀመሪያ የተጠቀሰው ስኳር ነው፤ ካካዎው በአልካላይ የታከመ መሆኑም በቅንፍ ተጽፏል። የሚገቡ ነገሮች እንደ ብዛታቸው በቅደም ተከተል ስለሚጻፉ ስኳሩ ከሁሉ ይበልጣል ማለት ነው። ሁለተኛው 85 በመቶ ሲሆን ዝርዝሩ በካካዎ ይጀምራል፣ አልካላይም አልተጠቀሰበትም። ሆኖም ስንት ሚሊ ግራም ፍላቫኖል እንዳለው አንዳቸውም አይናገሩም።

ተቆጣጣሪ አካላትም ጥንቃቄያቸው ከዚሁ የመጣ ነው። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2012 በቀን 200 ሚሊ ግራም የካካዎ ፍላቫኖል የደም ሥርን የመለጠጥ ችሎታ ለመጠበቅ ይረዳል የሚለውን ተቀብሏል፤ ይህ መጠን ፍላቫኖሉ ተጠብቆ በተዘጋጀ 10 ግራም ጥቁር ቸኮሌት ውስጥ ይገኛል ሲባልም ስለ ማናቸውም ቸኮሌት አይደለም። የአሜሪካው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2023 የፈቀደው የተገደበ አገላለጽም ቢያንስ 4 በመቶ ፍላቫኖል ላለው የካካዎ ዱቄት ብቻ የሚያገለግል ሲሆን፣ ተራውን የካካዎ ዱቄትና ቸኮሌትን አይጨምርም።

በመድኃኒት ምትክ መውሰድ

የደም ግፊት ያለባቸው አንዲት ዘመዴ በአንድ ወቅት «ጥቁሩን ቸኮሌት ከጀመርኩ ክኒኑን ብተወው ምን ይለኛል?» ብለው ጠይቀውኛል። መልሱ ቁጥር ውስጥ አለ። የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝነው ኮክሬን የተባለ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 ያሳተመው ግምገማ 35 ሙከራዎችን አጠቃልሎ ሲመረምር፣ የካካዎ ውጤቶች የደም ግፊትን በአማካይ የቀነሱት በ1.8 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ብቻ ነው፤ ቀድሞውኑ ግፊት በነበረባቸው ሰዎች ላይ የላይኛው ቁጥር በ4 ገደማ ወርዷል። 160 የሚደርስ ግፊት ላለበት ሰው ይህ ለክኒን ምትክ አይሆንም። ሙከራዎቹም በአብዛኛው ከ18 ሳምንት ያልበለጡ አጫጭር ነበሩ።

ሌላ ምግብ ሳይቀንሱ መጨመር

100 ግራም ጥቁር ቸኮሌት 600 ያህል ካሎሪ አለው። ከምሳና ከራት በላይ በየቀኑ 30 ግራም የሚጨምር ሰው 180 ካሎሪ ጨመረ ማለት ነው፤ ሌላ ነገር ካልቀነሰ ክብደቱ ውሎ አድሮ ይናገራል፤ ክብደት ሲጨምር ደግሞ ግፊትም አብሮ ይጨምራል። ጥቅም ካለው በብስኩትና በኬክ ቦታ ሲገባ እንጂ በላያቸው ሲደረብ አይደለም።

አብሮ መገኘትን እንደ መንሥኤ መቁጠር

የካካዎ ዝና በከፊል የመጣው በፓናማ ሳን ብላስ ደሴቶች ከሚኖሩት ከኩና ሕዝቦች ነው። ካካዎ አብዝተው ይጠጡ የነበሩት የደሴቱ ነዋሪዎች ዕድሜያቸው ቢገፋም ግፊታቸው አልጨመረም፤ ወደ ፓናማ ሲቲ በፈለሱት ላይ ግን ጨምሯል። ትዝብቱ ብዙ ምርምር አስነሥቷል፤ ይሁን እንጂ ወደ ከተማ የሄደ ሰው የሚለውጠው ካካዎውን ብቻ አይደለም፤ ዓሣውን፣ ፍራፍሬውን፣ ሥራውንና እንቅልፉንም ጭምር ይለውጣል። እ.ኤ.አ. በ2012 አንድ ሐኪም በታወቀ የሕክምና መጽሔት ላይ ቸኮሌት በብዛት የሚበላባቸው አገሮች የኖቤል ተሸላሚዎቻቸውም ብዙ መሆናቸውን በፈገግታ አሳይቷል። ቸኮሌት ኖቤል ያሸልማል የሚል ግን የለም፤ ሀብታም አገር ሁለቱንም ይገዛል።

ከዚህ የከፋም አለ። እ.ኤ.አ. በ2015 ጆን ቦሃነን የተባለ ጋዜጠኛ ከባልደረቦቹ ጋር በ15 ሰዎች ላይ 18 ነገሮችን ለክቶ «ቸኮሌት ክብደት ያስቀንሳል» የሚል ጽሑፍ አሳተመ። ጥቂት ሰዎች ላይ ብዙ ነገር ከተለካ አንዱ በአጋጣሚ ማማሩ እንደማይቀር ያውቅ ነበር፤ ሆን ብሎ ያዘጋጀው ወጥመድ ነበር። መገናኛ ብዙኃን ግን ዜናውን በዓለም ዙሪያ አሰራጩት።

ለደም ማነስ፣ ለጾምና በየቀኑ አብዝቶ ለመብላት መምረጥ

ጥቁር ቸኮሌት ብረት አለው፤ ነገር ግን ፍላቫኖልን ጨምሮ ፖሊፊኖል የሚባሉት ንጥረ ነገሮቹ፣ ልክ ከምግብ በኋላ እንደሚጠጣ ቡና፣ ብረት ወደ ሰውነት እንዳይገባ ያውካሉ። የደም ማነስ ያለበት ሰው ቸኮሌቱን ከምግብ ሰዓት ቢያርቀው ይሻላል።

ጿሚዎች ጥቁሩ ወተት የለውም ብለው ያምናሉ። ወተት ካለው ጋር በአንድ ማሽን ስለሚመረት ግን ብዙውን ጊዜ የወተት ርዝራዥ አይጠፋበትም፤ ለወተት አለርጂ ላለበት ልጅ ይህ ከባድ አደጋ ነው።

በየቀኑ ሙሉ ቸኮሌት መጨረስም አይመከርም። ኮንሲዩመር ሪፖርትስ የተባለው የአሜሪካ የሸማቾች ድርጅት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 ይፋ ባደረገው፣ በ28 ጥቁር ቸኮሌቶች ላይ በተካሄደ ምርመራ ሁሉም ካድሚየምና እርሳስ የተባሉት መርዛማ ብረታ ብረቶች ተገኝተውባቸዋል፤ ከእነሱም 23ቱ በቀን 28 ግራም ገደማ ቢበላባቸው እንኳ ከሁለቱ ቢያንስ በአንዱ ድርጅቱ መለኪያ ካደረገው የካሊፎርኒያ ግዛት ልክ በላይ ነበሩ። ካድሚየሙን ዛፉ ከአፈር ይስበዋል፤ እርሳሱ በአብዛኛው ፍሬው ሜዳ ላይ ሲደርቅ ከአቧራ የሚያርፍበት ነው። ነፍሰ ጡሮችና ሕፃናት በተለይ ሊጠነቀቁ ይገባል።

ይህን ሁሉ አውቆ ካካዎ መጠቀም ለሚፈልግ ሰው፣ ስኳርም አልካላይም ያልገባበትን ዱቄት መግዛት ይሻለዋል፤ ቀለሙ ፈዘዝ ያለ ቡናማ፣ ጣዕሙም ኮምጠጥ ያለ መራራ ነው። ከላይ በተጠቀሰው ልኬት ከሄድን 5 ግራም ዱቄት 170 ሚሊ ግራም ያህል ፍላቫኖል ይይዛል፤ በሙቅ ውሃ በጥብጦ በሳምንት ጥቂት ቀን መጠጣት ይቻላል፤ ካፌይን ስላለው ግን ከመኝታ በፊት ባይሆን ይመረጣል።