ለተረከዝ ጅማት ሕመም ሾክዌቭ፦ ከመመታቱ በፊትና በኋላ የሚደረግ

ሾክዌቭ በመሣሪያ የግፊት ሞገድ በቆዳ በኩል ወደ ጅማቱ እየላኩ የሚሰጥ ሕክምና ነው፤ ለቆየ ሕመም እንጂ ትናንት ኳስ ሜዳ ላይ ለተጎዳ ጅማት አይደለም። ሕመሙ 3 ወር አልፎት አሁንም ጠዋት ከአልጋ ሲወርዱ የሚያነክስዎት ከሆነ ሊረዳዎት ይችላል።

መጀመሪያ ጅማቱ አለመበጠሱ ይረጋገጥ። በሆድዎ ተኝተው እግርዎን ከአልጋው ጫፍ ያውጡና ሌላ ሰው ባትዎን ይጭመቅ። መርገጫዎ ካልተንቀሳቀሰ በዚያው ቀን ሐኪም ይይዎት። ነፍሰ ጡር ለሆነች፣ እንደ ዋርፋሪን ያለ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ለሚወስድ፣ በቦታው ዕጢ ወይም ኢንፌክሽን ላለበት አይደረግም። ሲፕሮፍሎክሳሲን የተባለውን አንቲባዮቲክ በቅርቡ ወስደው ከሆነ ይናገሩ፤ መድኃኒቱ ራሱ ጅማት ሊጎዳ ይችላል።

በተለመደው አሠራር በሳምንት አንዴ፣ ለ3 ሳምንት፣ በየጊዜው ወደ 2,000 ምት ይሰጣል። በሰከንድ 8 ምት ከሆነ 4 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ባለሙያው ከተረከዝዎ ከ2 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ጅማቱን በሁለት ጣት እየቆነጠጠ ሲፈትሽ፣ በጣም የሚያመው ቦታ ላይ ሲደርስ ይንገሩት፤ በእስክሪብቶ ይከበብ። ማደንዘዣ የማይወጋው ቦታውን የሚያሳየው ሕመምዎ ስለሆነ ነው። ቆዳው ላይ የሚቀባውን ጄል መቆጠብ ትልቅ ስሕተት ነው፤ በመሣሪያውና በቆዳው መሃል የቀረ አየር ሞገዱን ይመልሰዋል፣ ቆዳው ይቀላል እንጂ ጅማቱ ጋ የሚደርስ ነገር የለም። ግፊቱ ከዝቅተኛው ተነስቶ ቀስ እያለ ይጨመር፤ ሕመሙ ከ10 ነጥብ 5ቱ ላይ ሲደርስ ይብቃ።

ከዚያ በኋላ ለ2 ቀን ሩጫና ዝላይ ይቅር። ካመመዎት ፓራሲታሞል ይበቃል፤ ዲክሎፌናክና ኢቡፕሮፌን የጥገናውን ሂደት ሊያዳክሙ ይችላሉ። ያንኑ ቦታ ወጌሻ እንዲያሸው አይስጡ።

ያለ ጅማት ማጠንከሪያ ስፖርት ግን ሾክዌቩ ብቻውን ብዙ አይፈይድም። ደረጃ ጫፍ ላይ በእግርዎ የፊት ክፍል ይቁሙ። በደህናው እግር ከፍ ይበሉና በታመመው ብቻ፣ 3 ሰከንድ እየቆጠሩ፣ ተረከዝዎን ከደረጃው በታች ያውርዱ። 15 ጊዜ፣ በ3 ዙር፣ ጠዋትና ማታ፣ ለ12 ሳምንት። 3ቱም ዙር አንዴ ጉልበትን ቀጥ አድርጎ፣ አንዴ አጥፎ ነው። ሲቀልልዎት ውኃ የተሞላ ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ በቦርሳ ይዘሉ፣ ከዚያ ሁለት። ሕመሙ ጅማቱ አጥንት የሚነካበት ቦታ ላይ ከሆነ ግን ተረከዝዎን ከደረጃው በታች አያውርዱ፤ ጅማቱ አጥንቱ ላይ ይጫናል።

በድሬዳዋ ሙቀት ሸበጥ ቢመችም ጠፍጣፋ ሶሉ ጅማቱን ይወጥረዋል፤ ተረከዙ ትንሽ ከፍ ያለ ጫማ ያድርጉ። የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ አይሩጡ። ሐረር ያሉ ደግሞ የጀጎልን ዳገት በአጭር እርምጃ ይውጡ፣ ሸክምም ያስቀንሱ። በ12ኛው ሳምንት ለውጥ ከሌለ አልትራሳውንድ ይነሡ።