ለሮል ፕሌይንግ ጨዋታ የድግምት ሥርዓት አነዳደፍ

ለሮል ፕሌይንግ ጨዋታ፣ ማለትም ተጫዋቾች የአስማተኛ፣ የሰይፈኛ ወይም የሌባ ሚና ይዘው ለሚጫወቱት ጨዋታ፣ ድግምት የሚነድፍ ሰው ብዙ ጊዜ ከስሙ ይጀምራል። እሳት፣ በረዶ፣ መብረቅ እያለ ሠላሳ አርባ ይጽፍና ዋጋውን በኋላ ይለጥፍበታል። መቅደም ያለበት ግን ዋጋው ነው፦ አስማተኛው ምን ይከፍላል? የከፈለውስ መቼ ይመለስለታል?

የአከፋፈሉ መንገድ ብዙ ነው። በ1974 እ.ኤ.አ. የወጣው ዱንጅንስ ኤንድ ድራጎንስ የተባለው ጨዋታ በቀን ስንት ድግምት መጠቀም እንደሚቻል በቁጥር ይገድባል። ሌሎች የኃይል ነጥብ ያስቀንሳሉ፤ ዳይስ (በየገጹ ቁጥር ያለበት መጫወቻ) አስጥለው ያልተሳካለትን የሚቀጡም አሉ። ለጀማሪ ነዳፊ የሚሻለው ነጥብ ነው፤ ስሌቱ ወረቀት ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

መለኪያው ሰይፈኛው ይሁን። ባለ 8 ገጽ ዳይስ ጥሎ 3 የሚደምር ሰይፈኛ በአማካይ 7.5 ጉዳት ያደርሳል፤ ከሦስት ምት ሁለቱ ከተሳካለት በየተራው 5 ይሆናል። በሁለት ዕረፍቶች መካከል 3 ውጊያ፣ በየውጊያው 4 ተራ ካለ ድምሩ 60 ነው። አስማተኛውም እዚያው አካባቢ መድረስ አለበት። 12 ነጥብ ይሰጠው። ነጥብ የማይበላ ትንሽ ድግምትም ይኑረው፦ አንድ ባለ 6 ገጽ ዳይስ በአማካይ 3.5 ነው፤ ከሦስት ሁለቴ ሲሳካ 2.3 ገደማ ይሆናል። ትልቁ ድግምት 3 ነጥብ በልቶ፣ ሳይስት በ3 ዳይስ 10.5 ይጉዳ። አራት ጊዜ 42፣ ቀሪው 8 ተራ ወደ 19፤ በጠቅላላው 61። ሚዛኑ ገጠመ።

ሚዛኑ የሚፈርሰው ተጫዋቾቹ ከአንድ ውጊያ በኋላ ሲተኙ ነው። አስማተኛው 12ቱንም ነጥብ በ4 ተራ ያራግፍና 42 ሲያደርስ ሰይፈኛው 20 ላይ ይቀራል። እዚህ ላይ ሰይፈኛውን ማጠናከር መፍትሔ አይሆንም፤ ጥፋቱ የዕረፍቱ ነውና። ነጥቡ በእንቅልፍ መመለሱ ቀርቶ በየውጊያው መጀመሪያ 4 ይሰጠው፤ የተረፈውም አይጠራቀም። በአንድ ውጊያ 17.5 አካባቢ ያደርሳል፤ የጎደለውን ከሩቅ መምታቱ ይክሰዋል።

ጠላትን ለአንድ ተራ የሚያስቆም ድግምት ዋጋው ያ ጠላት በተራው ሊያደርስ የነበረው ጉዳት ነው። ብዙዎች ይህን አቅልለው ይገምታሉ፤ ከዚያ የጠላት አለቃ አንዴም እጁን ሳያነሳ ይሞታል። አለቃው ላይ ሲሆን ተራውን ከመንጠቅ እርምጃውን በግማሽ መቀነስ ይበቃል። የሚቆዩ ድግምቶች ደግሞ በአንድ ጊዜ ከአንድ አይብለጡ።

አጻጻፉም የሥርዓቱ አካል ነው። «በአቅራቢያ ያሉ ጠላቶች ይቃጠላሉ» የሚል ድግምት ጨዋታውን አቁሞ ያከራክራል። እንዲህ ይጻፍ፦ «ዋጋ 3 ነጥብ። እስከ 20 ሜትር ርቀት ከሚታይህ ቦታ አንዱን ምረጥ። ከዚያ ቦታ በ3 ሜትር ዙሪያ ያለ ሁሉ፣ ወዳጅም ቢሆን፣ በአንድ ባለ 6 ገጽ ዳይስ ሲደመር 2 ይጎዳል።» አማካዩ 5.5 ነው፤ ሁለት ጠላት ካገኘ 11፣ ማለትም ከትልቁ ድግምት ጋር እኩል ገደማ።

ቁልፍ የሚከፍት ድግምት ሌባውን ሥራ ፈት ያደርገዋል። መከልከል ግን አያስፈልግም፤ ሲከፍት ግቢውን ሙሉ የሚቀሰቅስ ጩኸት ያሰማ። ያኔ ሌባው በጸጥታ መክፈቱ ዋጋ ያገኛል።

ለመጀመሪያው ሙከራ 12 ድግምት ይበቃል። የትኛው ስንት ጊዜ እንደተመረጠ ይመዝገብ። በየውጊያው የሚመረጠው ዋጋው ረክሷል፤ ማንም ያልነካው ወይ ዋጋው ተወድዷል ወይ አጻጻፉ አልገባቸውም፤ ስለዚህ ዋጋውን ከመንካት በፊት ተጫዋቾቹ ይጠየቁ።