ለአጋዘን መሣሪያ ሲመረጥ የሚሠሩ ስህተቶች

ጅማ ውስጥ የአደን ወሬ ከተነሳ፣ ቡናው በረካ ሳይደርስ ክርክሩ ጠመንጃ ላይ ይደርሳል። አንዱ ለክላሽ፣ ሌላው ለምንሽር ይሟገታል። እኔን የሚያሳስበኝ እንስሳው ሳይሰቃይ መውደቁ ነው። በአገራችን ሕግ ያለ ፈቃድ ማደን ወንጀል ስለሆነ፣ የምጽፈው ፈቃድ ላለው ሰው ነው።

«ጥይት ያው ጥይት ነው» ማለት። ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። የጦር ሜዳ ጥይት እርሳሱ በጠንካራ ብረት የተለበጠ ስለሆነ ብዙ ጊዜ በስቶ ያልፋል። የአደን ጥይት ግን ሥጋ ሲነካ ጫፉ እንደ እንጉዳይ ይከፈትና ቶሎ ይገላል። ልጅ ሆኜ ጅማ አካባቢ ባለው፣ በለጠ በሚባለው ጫካ ዳር አባቴ አንድ ድኩላ በምንሽር መታ። ደሙ ቡና ቅጠል ላይ ጠብ ጠብ ብሏል። አባቴ ቅጠሉን አንስቶ አየው፤ አረፋ የለውም። «ሳንባውን አላገኘሁትም» አለ። እስኪመሽ ተከተልነው። ጅረቱ ጋ ስንደርስ ዱካው ጠፋ። አባቴ የዚያን ዕለት ራት አልቀመሰም።

«ክላሽ ለሁሉም ይሆናል» ማለት። የክላሽ ጥይት ከአፈሙዝ ሲወጣ ጉልበቱ 2,000 ጁል ገደማ ነው፤ 100 ሜትር ላይ ብዙ ይቀንሳል። የጀርመን ሕግ ለትልልቅ አጋዘኖች እዚያው 100 ሜትር ላይ ቢያንስ 2,000 ጁል፣ ውፍረቱም 6.5 ሚሊሜትር ይሁን ይላል። ለትንሹ አጋዘን 1,000 ጁል ይበቃል። ደጋግሞ መተኮስም መፍትሔ አይደለም፤ እንስሳውን ያቆስላል እንጂ።

የውጭ አገር ሰንጠረዥ እንዳለ መቅዳትም አለ። በየዓመቱ ቀንዱን የሚጥለው የፈረንጅ አጋዘን እኛ ጋ የለም። የእኛ ወንድ ድኩላ ከ40 እስከ 80 ኪሎ ይመዝናል፤ ከፈረንጆቹ ትንሹ አጋዘን በጣም ስለሚበልጥ፣ የዚያን 1,000 ጁል ለእሱ መቅዳት አይሆንም።

«ትልቅ ጠመንጃ ጥፋት ይሸፍናል» የሚሉም አሉ። ትከሻ የሚያደቅ መሣሪያ ሰውን ያስፈራል፤ ቃታ ከመሳቡ በፊት ዓይኑን ይጨፍናል። ሆድ የተመታ እንስሳ በየትኛውም ጥይት ሩቅ ይሄዳል።

የመጨረሻው ሳይፈትሹ መውጣት ነው። ፒክአፕ ላይ ሲንገጫገጭ የዋለ የጠመንጃ ማነጣጠሪያ መነጽር ይዛባል። ካርቶን ላይ አምስት ጥይት ተኩስ። አምስቱም መዳፍ በሚያክል ቦታ ካላረፉ፣ ጠመንጃውን ወደ ሣጥኑ መልሰው።