ተቅማጥና ትውከት የያዘውን ሰው ስታስታምሙ ጓንቱን እንዴት ታወልቃላችሁ?

ታናሽ ወንድሜ ታሞ ሁለት ቀን ሙሉ ያለ ጓንት አልነካሁትም። በሦስተኛው ቀን እኔም ተኛሁ። እሱ ተነስቶ ሲያስታምመኝ "አንተ እኮ ጓንት ነበረህ" ብሎ ሳቀብኝ። ነበረኝ። አወላለቁን ነው የማላውቀው። የጣቱን ጫፍ ይዤ ቷ አድርጌ እስበው ነበር፣ ከዚያ ቀጥታ ስልኬን።

መጀመሪያ የቆሻሻ ከረጢቱን አፉን ከፍታችሁ በሩ አጠገብ አስቀምጡ። ቀለበትና ሰዓት ይውለቅ። ስልክ ወደ ክፍሉ አይግባ።

ትውከቱን ወይም ሰገራውን በወረቀት አንሱና ከረጢቱ ውስጥ ጣሉ። በረኪና የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ቆሻሻው ሳይነሳ ቢፈስበት ጉልበቱን እዚያው ይጨርሳል። ጠርሙሱ ላይ 5% የሚል ከሆነ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጡ፣ ቦታውን አርሳችሁ 10 ደቂቃ ተዉት፣ ከዚያ ወልውሉ። መስኮት ክፈቱ። ከሌላ ማጽጃ ጋር በፍጹም አትቀላቅሉት፣ በተለይ ከሽንት ቤት አሲድ ጋር፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል። የተረፈውን ለነገ አታስቀምጡ፣ ይደክማል።

አሁን ጓንቱ። የጓንት ውጪው ቆሻሻ ነው፣ ውስጡ ንጹሕ ነው። ቆሻሻው ቆሻሻን ይንካ፣ ቆዳችሁ ውስጡን ብቻ ይንካ። ጓንት ባለው ቀኝ እጃችሁ የግራውን ጓንት መዳፍ ላይ፣ ከአንጓው ትንሽ ዝቅ ብላችሁ ከውጪ ቆንጥጡ። ቆዳችሁን እንዳትቆነጥጡ። ወደ ጣቶቹ እየገለበጣችሁ ቀስ ብላችሁ ግፈፉት፤ ቶሎ ከሳባችሁት እንደ ላስቲክ ተወንጭፎ ፊታችሁ ላይ ጠብታ ይረጫል። የወለቀውን በቀኝ እጃችሁ ጨብጡት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ባዶ የሆነው ግራ እጅ የቀኙን ጓንት ከውጪ መንካት የለበትም። ሁለት ጣት በአንጓው በኩል፣ በጓንቱና በቆዳው መሀል አስገቡ፣ ከውስጥ ወደ ውጪ ገልብጡት። የመጀመሪያው ጓንት ሁለተኛው ሆድ ውስጥ ይቀራል። ሁለቱንም አንድ ላይ ጣሉ። አጥቦ ደግሞ ማድረግ የሚባል ቁጠባ አይሠራም።

ካላመናችሁኝ ጓንቱን የውሃ ቀለም ቀብታችሁ አውልቁት። እኔ ከዳንኩ በኋላ ሞከርኩት፣ አንጓዬ ላይ ሁለት ሰማያዊ ነጠብጣብ ቀረ። አራተኛው ሙከራ ላይ ነው የጠራው።

ከዚያ እጅን በሳሙና፣ ከ40 እስከ 60 ሰከንድ። የጣት መሀልና አውራ ጣት አይረሳ። ሳኒታይዘር ለዚህ በሽታ አላምነውም፤ ኖሮቫይረስን የመሰሉ የትውከት ቫይረሶች አልኮልን ብዙም አይፈሩትም።

ታማሚው ደግሞ ይጠጣ። ሕይወት አድን ንጥረ ነገሩን (ኦአርኤስ) በእሽጉ ላይ በተጻፈው የውሃ መጠን ልክ በጥብጡ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ካላለቀ ድፉት። ካስመለሰው 10 ደቂቃ ታግሳችሁ በማንኪያ እንደገና ጀምሩ። ሽንቱ ከቀረ፣ ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ሰገራው ደም ካለው፣ ከደነዘዘ ወይም የሰጣችሁት ሁሉ አልረጋ ካለው ግን ማንኪያውን አስቀምጡና ወደ ጤና ተቋም ይዛችሁት ሂዱ።